የውድነሽ አገር በርበሬ

ከአዲስ አበባ ለዕረፍት የሚወጣ ሰው ከሻንጣው ሌላ ሁለት ጥያቄ ይዞ ይወጣል። የት ልብላ? የትስ ልዙር? ባሕር ዳር የሄደ እንደሆነ መልሱ ቀላል ነው። የጣና ዓሣ አለ፤ ወደ ገዳማቱ የሚወስድ ጀልባም አለ። ጎንደር የሄደውም ከፋሲል ግቢ በር ላይ አስጎብኚ አያጣም። እኔ ግን በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ከሥራ ፋታ ባገኘሁ ጊዜ የሄድኩት ማንኩሳ ነው።

«ማንኩሳ ደግሞ ምን አለና?» ያላለኝ ወዳጅ የለም። ያልጠየቀችኝ እናቴ ብቻ ነበረች።

እናቴ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያወቀችው በጆሮዋ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ጎረቤት ተሰብስቦ ያዳምጥ ነበር። ሰው ሁሉ ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል ሲያለቅስ፣ እናቴ የምታዝነው ለውድነሽ በጣሙ ነበር፤ ለበዛብህ እናት። «አንድ ልጇን በስለት ሰጥታ ባዶ ቤት የቀረች» ትላታለች፤ ልክ የሰፈር ሰው እንደምታማ። እኔም ለትምህርትና ለእንጀራ ብዬ ከቤት ከወጣሁ ወዲህ ይህን አባባሏን ስሰማ ነገሩ ወደ ማን እንደሚሄድ አይጠፋኝም። ያን ዕለት ግን «ከውድነሽ አገር በርበሬ አምጪልኝ» ብቻ ብላ ሸኘችኝ።

እንግዲህ የጉዞዬ መሪ መጽሐፉ ሆነ። ከዓባይ በረሃ ወርዶ ወጥቶ በደጀን፣ በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫና በጅጋ አልፎ ፍኖተ ሰላም የሚገባው መንገድ አንድ ቀን ይፈጃል። ብዙ ሰው ሐዲስ ዓለማየሁ የማንኩሳ ልጅ ይመስሉታል፤ እኔም ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ግን በ1902 ዓ.ም. የተወለዱት እዚያው ጎጃም፣ ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ባለችው እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። አውቶቡሱ ደብረ ማርቆስን ሲያልፍ የደራሲውን አገር አልፌ ወደ ገጸ ባሕርያቱ አገር መሄዴ መሆኑን አሰብኩና ብቻዬን ፈገግ አልኩ።

ማታ ፍኖተ ሰላም ስደርስ ጾመ ነቢያት ነውና የጾም ምግብ ያስፈልገኝ ነበር። ያረፍኩበትን ቤት ዘበኛ «ጥሩ ምግብ ቤት የት ነው?» አልኩት። እሱም እንግዳ ማክበሩ ነው፣ መብራቱ ወደ በዛበት ትልቅ ቤት መራኝ። የቀረበልኝ በያይነቱ ግን ከትናንት የተረፈ ነበር። እንጀራው ዳር ዳሩን ደርቋል፤ ሽሮው ቆዳ አውጥቷል። ግማሹን ትቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ጥያቄዬን ለወጥኩ። የባጃጅ ሾፌሩን «አንተ የት ነው የምትበላው?» አልኩት። ልጁ አፈረ። «የኛ ቤትማ ለእንግዳ አይሆንም» አለኝ። ግድ የለም ብዬ ወሰደኝ። ሦስት አግዳሚ ወንበር ያላት፣ ስም የሌላት ቤት ናት። ሽሮው ከምድጃ ወርዶ ሳይበርድ በድስቱ ቀረበ፤ ጎመኑ አረንጓዴነቱን አልለቀቀም፤ ጎኑ ላይ ተልባ አለበት። ከጎኔ የጭነት መኪና ሾፌሮች ሳይነጋገሩ ይበላሉ። ሾፌር የሚያዘወትረው ቤት ምግብ አያሳድርም፤ ሰው ሲፈራረቅ ድስቱም ይፈራረቃል። ከዚያን ቀን ጀምሮ በማላውቀው ከተማ «ጥሩ ቤት የት ነው?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ሰው «ጥሩ» ሲሉት ለእንግዳ የሚገባ የሚመስለውን ያሳያል፤ «አንተስ?» ሲሉት ግን የራሱን ገበታ ያሳያል።

ይህን የተማርኩትን ጥበብ ማንኩሳ ስደርስ ረሳሁት።

ማንኩሳ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አውራ መንገድ ዳር ያለች ከተማ ናት። ከሚኒባስ እንደወረድኩ ደብተር የያዘ ተማሪ አገኘሁና መጽሐፌን እንደ መታወቂያ ከፍ አድርጌ፣ «የቦጋለ መብራቱ ቤት በየት በኩል ነበር ይባላል?» አልኩት። ልጁ አሰብ አደረገና «ቦጋለ ባለ ወፍጮው ነው?» አለኝ። ሳቄን ዋጥኩ። «አይ፣ የበዛብህ አባት» ብለው፣ «በዛብህ የሚባል ልጅ ያለው አላውቅም፤ ግን ባለ ወፍጮው ሊያውቅ ይችላል» ብሎ ሊወስደኝ ተነሳ። እንዲህ ያለ ቅን ልጅ ፊት መጽሐፉን ወደ ቦርሳዬ ከመመለስ በቀር ምን ይደረጋል?

መጽሐፉ ሲታጠፍ ነው ከተማዋን ማየት የጀመርኩት። መጀመሪያ ያወቅኋት በአፍንጫዬ ነው። ሦስቴ አከታትዬ አነጠስኩ። ከአውራው መንገድ ገባ ባሉት ግቢዎች ሁሉ በርበሬ ተሰጥቷል፤ በሰሌን ላይ፣ በሸራ ላይ፣ በደረቁ መሬት ላይ። ቡሬና ጃቢ ጠህናን በበርበሬ የታወቁ ወረዳዎች እንደሆኑ በወሬ አውቅ ነበር። አገር በሙሉ ቀይ ሆኖ ማየት ግን ሌላ ነው። ከአንዱ ግቢ ሴቶች ክብ ሠርተው ተቀምጠው ይቀነጥሳሉ። ሳነጥስ ሰምተው «ይማርሽ! ለአገሩ እንግዳ ነሽ እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ።

ከደጁ እንጨት ላይ ጣሳ ተደፍቷል፤ ጠላ ቤት ነው። ብቻዋን የመጣች ሴት ጠላ ቤት ስትገባ ወሬው ይቆማል፤ ቆመም። የቤቱ ባለቤት በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ናቸው። «የሚበላ ነገር ይገኝ ይሆን እማማ?» አልኳቸው። «የሚሸጥ የለም፤ የሚበላ ግን አይጠፋም» አሉና ለራሳቸው ከጣዱት ሽሮ በእንጀራ አቀረቡልኝ። የአዲስ በርበሬ ሽሮ ነው። መጀመሪያ ይጣፍጣል፤ ማቃጠሉ የሚመጣው ኋላ ነው። ዓይኔ እንባ ሲያቀርር፣ «አፈር ስሆን፣ በጠላ አውርጂው» አሉኝ።

ለምን እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ከበላሁ በኋላ መዋሸት አልሆነልኝም፤ ስለ መጽሐፉም ስለ ቦጋለም ነገርኳቸው። ታሪኩን ያውቁታል፤ እሳቸውም በሬዲዮ ነው የሰሙት። «አዎ፣ አልፎ አልፎ እንዳንቺ ያለ ይመጣል» አሉ ጠላውን እየጨመሩ። «ያልነበሩትን ይጠይቀንና ይሄዳል። ያለነውንስ? እንዴት ከረማችሁ የሚል የለም።»

ቁጣ አልነበረበትም። ለኔ ግን ከበርበሬው ይልቅ ያቃጠለኝ እሱ ነው። ደግሞ እንደዘበት እንዳላልፈው ብዬ «እንዴት ከረማችሁ?» አልኳቸው፤ ዘግይቼ።

የማንኩሳ ጉብኝቴ የተጀመረው በዚህ ጥያቄ ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱና «ነይ እንግዲህ» አሉኝ። መጀመሪያ የወሰዱኝ ወደ ማሳቸው ነው። በርበሬ እንደ ጤፍ ተዘርቶ የሚተው አይደለም። መጀመሪያ መደብ ላይ ይፈላል፤ ክረምቱ ሲገባ ችግኙ ወደ ማሳ ይዛወራል፤ ይኮተኮታል፤ ፍሬው ሲቀላ ተለቅሞ ይሰጣል። ውኃ ከተኛበት ግን ችግኙን ከሥሩ የሚያጠወልግ በሽታ አለ። «ማታ ቆሞ ታድሪዋለሽ፣ ጠዋት ተኝቶ ታገኚዋለሽ» አሉኝ፤ የማሳው አንድ ጥግ ባዶ ነበር። ዋጋውንም የሚቆርጠው ከሩቅ በጭነት መኪና የሚመጣው ነጋዴ ነው።

ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣን። ተሳልመን ስንመለስ ከዛፍ ጥላ የተቀመጡ ሽማግሌ ጋ አደረሱኝ። ሽማግሌው በከዘራቸው ወደ ጉብታው እያመለከቱ የጣሊያንን ነገር አጫወቱኝ። ያወሩት ከአባታቸው የሰሙትን ነው፤ የታሪክ መጻሕፍትም ይመሰክራሉ። ጣሊያን በማንኩሳም ምሽግ ነበረው። በየካቲት 1933 ዓ.ም. አርበኞችና ከሱዳን የገባው የዊንጌት ጦር ሲያጣድፉት የቡሬን ምሽግ ለቆ በዚሁ መንገድ ወደ ደምበጫ ሸሸ። እኔ በሚኒባስ የመጣሁበት አስፋልት ማለት ነው። መጽሐፌን ብቻ ስከተል ብውል ኖሮ ይህን ሁሉ በምን አያለሁ?

ወደ ኋላ ስንመለስ የቤቱ ባለቤት አንዲት ጭር ያለች የሣር ቤት ደጅ ቆም አሉ። «ያንቺ ውድነሽ ብትኖር፣ እንዲህ ባለው ቤት ትኖር ነበር» አሉኝ። ለማጽናናት እንደሆነ ገባኝ። የሳቸውም ልጅ ከወጣ ሰባት ዓመቱ እንደሆነ የነገሩኝ እዚያ ቆመን ነው። «ይደውላል» አሉ። «ስለ ሥራው ነው የሚያወራው። ምን በላሽ አይለኝም።»

ሒሳብ ስል የጠላውን ብቻ ተቀበሉኝ፤ የእንጀራውን እምቢ አሉ። ሁለት ኪሎ በርበሬ ገዛሁ። ከሚዛኑ በላይ አንድ እፍኝ ሲጨምሩ «ይኸ የናትሽ ነው» አሉኝ። የስልክ ቁጥር ተቀያየርንና ተለያየን። ከዚያ ቡሬ ደርሼ የነቀምቴው መንገድ ከሚገነጠልበት ቡና ጠጥቼ ተመለስኩ። ቡሬን በደንብ አላየኋትም፤ ሐሳቤ ማንኩሳ ቀርቶ ነበር።

እናቴ በርበሬውን ቀንጥሳ፣ አስጥታ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በበሶብላና በኮረሪማ ደልዛ አስፈጨችው። የመጀመሪያውን ወጥ ስትቀምስ ምንም አላለችም። እኔ ግን ያን ዕለት ስለ ሥራዬ ማውራት ትቼ፣ «እማዬ፣ እኔ በሌለሁ ቀን ምን ትበያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ለረጅም ሰዓት አወራችኝ።

ለዕረፍት ጎጃም ልሂድ የሚል አንባቢ ቢጠይቀኝ፣ የት እንደሚበላና የት እንደሚዞር ይህን ያህል ነው የማውቀው። ግን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ እንዲህ ብሎ መምከር ከብዶኛል። ያን ጊዜ በአማራ ክልል ጦርነት ተቀሰቀሰ። በነሐሴ ፍኖተ ሰላም ላይ ከአየር በተፈጸመ ጥቃት ብዙ ሰው መሞቱን ስሰማ ያቺን ስም የሌላት ምግብ ቤት አሰብኩ፤ ሾፌሮቹን አሰብኩ፤ ያፈረውን የባጃጅ ልጅ አሰብኩ። ወደ ማንኩሳ ደወልኩ፤ ስልኩ አይነሳም። እናቴ በየቀኑ «ሴትየዋስ?» ትለኛለች፤ አይታቸው የማታውቀውን ሴት።

በጥቅምት 2016 ዓ.ም. አንድ ቀን ስልኩ ጠራ። ድምፃቸው ከሩቅ ይመጣል። ምን ብዬ እንደምጀምር ግራ ገብቶኝ «እንዴት ከረማችሁ?» አልኳቸው። «አለን፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ስለ ጦርነቱ ምንም አላነሱም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

«እናትሽ ደኅና ናት? በርበሬውስ አለቀባት?»

«ከጨረሰችው ቆየች፣ እማማ።»

«በይ እንግዲያው፤ መንገዱ ሲከፈት ነይና ውሰጂላት» አሉኝ።