አቦል ምን ያክላል?

ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ የጠፈር ወዳጆች ሠርግና ምላሽ ነበር። በ10ኛው ቀን የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና ተወነጨፈች። ከዚያ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ደግሞ ሌላ ዜና ተሰምቶ ነበር። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ለየአገሩ አንድ ኮከብና በዙሪያው የሚዞር አንድ ፕላኔት መድቦ ስም እንዲያወጡላቸው ጋብዟል። ለኢትዮጵያ የደረሳት ኤችዲ 16175 የተባለው ኮከብ ነው። ኮከቡ «ቡና»፣ ፕላኔቱ «አቦል» ተባሉ። እኔ በሳተላይቷ ወሬ ተጠምጄ ይህን የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

ባለፈው ጥቅምት ዱርቤቴ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ማታ መብራት ጠፋ። ዝናቡ አባርቷል፤ ሰማዩ ወለል ብሏል። ግቢ ወጥተን ስለ አቦል ሳወራ፣ ስምንተኛ ክፍል የሚማረው የአክስቴ ልጅ «ጋሼ፣ ፕላኔት እስከ ምን ድረስ ነው የሚያድገው? ፀሐይን ሊያክል ይችላል?» አለኝ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን ብዙ ሰው ከሚጠብቀው ሌላ ነው።

ከምናውቀው እንነሳ። የፀሐይ ቤተሰብ ትልቁ ፕላኔት ጁፒተር ነው። ወርዱ 11 መሬቶችን ጎን ለጎን ያሰልፋል፤ ክብደቱ ደግሞ የ318 መሬቶች ያህል ነው። ፀሐይ በበኩሏ በወርድ 10 ጁፒተሮችን ታሰልፋለች፤ በክብደት ግን ከ1,000 ጁፒተሮች በላይ ናት። የእኛ አቦል ቢያንስ አራት ጁፒተር ይመዝናል። ታዲያ የዚያኑ ያህል ይገዝፋል? አይገዝፍም። በሳይንቲስቶች ስሌት፣ እንዲህ ያለ ፕላኔት ወርዱ ከጁፒተር እምብዛም አይርቅም።

ለምን? የግዙፍ ፕላኔት ሰውነት በአብዛኛው ሃይድሮጅንና ሂሊየም ነው። አውድማ ዳር ያለ የጭድ ክምር አስቡ። ላዩ ላይ ሸክም በጨመራችሁ ቁጥር የታችኛው እየታመቀ ይሄዳል፤ ክምሩም በጨመራችሁት ልክ ከፍ አይልም። ፕላኔትም ጋዝ በተጨመረለት ቁጥር የገዛ ስበቱ ወደ ውስጥ ይጨቁነዋል። ስለዚህ 10 ጁፒተር የሚመዝነውም፣ 50 ጁፒተር የሚመዝነውም ወርዳቸው ያው ጁፒተር አካባቢ ነው። እንዲያውም ከባዱ ሊያንስ ይችላል።

ከዚህ ወርድ አልፈው የሚሄዱት በሙቀት የተነፉት ናቸው። ዋስፕ-17ቢ የተባለው ፕላኔት ክብደቱ የጁፒተርን ግማሽ ያህል ብቻ ሆኖ ወርዱ ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። ኮከቡን በጣም ተጠግቶ አራት ቀን ባልሞላ ጊዜ ስለሚዞረው ሙቀቱ አሳብጦታል። ስለዚህ የፕላኔት የወርድ ጣሪያ ሁለት ጁፒተር ገደማ ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

ፕላኔትን ከኮከብ የሚለየው እንግዲህ ክብደት ነው። ወደ 13 ጁፒተር ሲደርስ በውስጡ ያለው ከባድ ሃይድሮጅን፣ ዲዩትሪየም የሚሉት፣ መዋሐድ ይጀምራል። ከዚህ በላይ ያሉት «ቡናማ ድንክ» ይባላሉ፤ ፕላኔት ለመባል ከብደዋል፣ ኮከብ ለመሆን ግን አልበቁም። ወደ 80 ጁፒተር ሲጠጋ ተራው ሃይድሮጅንም ያለማቋረጥ ይዋሐዳል። ያኔ ኮከብ ተወለደ ይባላል።

ድንበሩ በክብደት የተሰመረ ስለሆነ በወርድ ብንለካ ጉድ እናያለን። እ.ኤ.አ. በ2017 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ቡድን ሳተርንን የምታክል ኮከብ ማግኘቱን አስታወቀ። የምትመዝነው 85 ጁፒተር ያህል ነው። ማለትም ከጁፒተር በወርድ አንሳ፣ እውነተኛ ኮከብ ናት። በ2020 ደግሞ የባሰው ተገኘ። ነዳጁን ጨርሶ የተኮማተረ፣ ከመሬት እምብዛም የማይበልጥ ኮከብ ዙሪያ ጁፒተርን የሚያክል ፕላኔት ሲዞር ታየ፤ ፕላኔቱ ከገዛ ኮከቡ በወርድ ሰባት እጥፍ ይሰፋል። በሌላኛው ጫፍ እንደ ቤቴልጁዝ ያሉት በመቶዎች በሚቆጠር እጥፍ ፀሐይን ያስንቃሉ።

ወደ አቦል ስንመለስ፣ እሱን በዓይኑ ያየው ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታወቀው በዙሪያው ሲዞር ኮከቡን ወዲያና ወዲህ ስለሚያወዛውዘው ነው። አንዱን ዙር ለመጨረስ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅበታል፤ መንገዱም ክብ ሳይሆን የተለጠጠ ነው። ቡና ራሱ ከፀሐይ በወርድም በክብደትም የሚበልጥ ኮከብ ነው፤ የሚገኘውም አንድሮሜዳ በሚባለው የኮከቦች ስብስብ ውስጥ፣ 200 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ ነው። ዛሬ የሚደርሰን ብርሃኑ የተነሣው በዘመነ መሳፍንት፣ ካሳ ኃይሉ ገና ቴዎድሮስ ሳይባል ነው። በባዶ ዓይን አይታይም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ፣ የከተማ መብራት በሌለበት ግን ጥሩ ባይኖኩላርና የሰማይ ካርታ የያዘ ሰው ሊያገኘው ይችላል።

ለልጁ የሰጠሁት መልስ አጭር ነው፦ ፀሐይን የሚያክል ፕላኔት የለም፤ ፕላኔት የሚያክል ኮከብ ግን አለ። የሳይንስ መምህራን ወዳጆቼን አንድ ነገር ልለምን። ትምህርቱ ጁፒተር ላይ ሲደርስ አቦልንም ጨምሩና ተማሪውን «የቱ ይሰፋል?» ብቻ ሳይሆን «የቱ ይከብዳል?» ብላችሁ ጠይቁት። ኮከብ ማለት ምን እንደሆነ የሚገባው በሁለተኛው ጥያቄ ነው።