ምድር በተናወጠች ጊዜ ቤትን መልሶ የሚያቆመው ማን ነው?
ከጦሳ ሥር እስከ ቦርከና ሜዳ

ቤትን ለመሥራት ብዙ ዘመን ያስፈልጋል፤ ለማፍረስ ግን የዐይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ ይበቃል። ይህን ትምህርት በአንዳንድ አገር የሚያስተምረው ነፋስ ነው። በመጋቢት ወር 1917 ዓ.ም. በአሜሪካ በሚዙሪ፥ በኢሊኖይና በኢንዲያና ያለፈው ዐውሎ ነፋስ በአንድ ቀን 695 ሰዎችን ገድሎ መንደሮችን እንዳልነበሩ አድርጓቸዋል። በእኛ በኮምቦልቻ ሜዳ በበጋ የሚነሣው ዐውሎ ነፋስ ግን አቧራና ገለባ አሽከርክሮ፥ ቢበረታም የአንድ ጎጆ ክዳን ገፎ ያልፋል እንጂ ይህን ያህል ኀይል የለውም። የወሎ ሰው የሚፈተነው በነፋስ ሳይሆን በቆመባት ምድር ነው።

ደሴን ላላየ አንባቢ አቀማመጧን በጥቂቱ መግለጥ ይገባል። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፥ በምዕራብ ጦሳን፥ በምሥራቅ አዝዋ ገደልን እንደ ቅጥር አድርጋ ተቀምጣለች። ቦርከናም በመካከሏ ይወርዳል። ደልዳላ ስፍራዋ ጥቂት ስለ ሆነ ሕዝቡ ቤቱን በተረተሩ ላይ ደረጃ በደረጃ ሠርቶታል፤ የላይኛው ቤት ደጅ ከታችኛው ቤት ክዳን ጋር የሚተካከልበት ሰፈር ብዙ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ሐረጎን በጥምዝምዙ መንገድ የወረደ መንገደኛ፥ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሳይርቅ ብርዱ ወደ ሙቀት ተለውጦ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ይደርሳል። ቦርከናም ዶሮ መዝለያ በሚባለው ጠባብ ገደል ሾልኮ እዚያው ያገኘዋል፤ ከዚያም በሐርቡና በከሚሴ አልፎ የጨፋን ለምለም ሣር ያጠጣል።

ይህ ሜዳ እንዲያው የተዘረጋ ሜዳ አይደለም። የምድርን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፥ በስምጥ ሸለቆ ዳር ምድር ተሰንጥቃ በሁለት ስንጥቅ መካከል የነበረው ክፍል ስለ ሰጠመ የተገኘ ነው። ተራራው ያጠበውን አፈር የሚቀበለው፥ ውሃውም የሚተኛበት ስለዚህ ነው። እንግዲህ ገበሬውን ያጠገበችው ምድር በዚያው ስንጥቅ አንዳንድ ጊዜ ትናወጣለች።

በ1953 ዓ.ም. የሆነው ይህ ነው። በግንቦት ወር መጨረሻ ከኮምቦልቻ በስተ ደቡብ በካራ ቆሬ አካባቢ ምድር መንቀጥቀጥ ጀመረች። ለግንቦት 25 አጥቢያ፥ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ግድም፥ ከሁሉ የበረታው መናወጥ ሆነ። የማጀቴ መንደር ፈረሰች፤ ካራ ቆሬም ክፉኛ ተጎዳች። ምድር ተሰነጠቀች፤ ከገደሉ የተፈነቀለ ድንጋይም ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ አሥመራ የሚወስደውን አውራ መንገድ አበላሸው። ንውጥውጡ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የምድርን መናወጥ የሚመዘግብ ጣቢያ ያቋቋሙት የካናዳው ተወላጅ አባ ፒየር ጉዋን፥ ነገሩን መርምረው ኋላ ስለ ኢትዮጵያ የምድር መናወጥ ታሪክ በጻፉት መጽሐፍ አስፍረውታል። ከታላቁ መናወጥ በኋላ ታናናሾቹ ለወራት ቀጠሉ። ክረምት በመግባት ላይ ሳለ ቤቱ የፈረሰበት ሰው፥ ውጭ ቢያድር ዝናም፥ ግድግዳ ሥር ቢያድር ሌላ መናወጥ ይጠብቀው ነበር።

ደሴን ደግሞ በየክረምቱ የሚፈትናት ሌላ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናሙ ሲበረታ፥ በተረተሩ ላይ የተከማቸው ልል አፈር ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ከሥሩ ያለው ጽኑ ድንጋይም ሊይዘው አይችልምና ይንሸራተታል። እኔ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ሥራዬ ካየኋቸው ክርክሮች መካከል ከዚህ የሚወለደው ክርክር ሁልጊዜ ይደንቀኛል። አፈሩ ሲወርድ የድንበሩን ድንጋይና የቁልቋሉን አጥር ይዞ ይወርዳል። የላይኛው ጎረቤት «የወረደው አፈሬ ነው» ይላል፤ የታችኛው «በቦታዬ ላይ ያረፈ የእኔ ነው» ይላል። መዝገቡ ድንበሩን «እስከ ወይራው ሥር» ይለዋል፤ ወይራው ግን ዐሥር ክንድ ያህል ወደ ታች ተራምዷል። ወረቀት ለዚህ መልስ የለውም። ስለዚህ ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው በአገር ሽማግሌ ነው። ሽማግሌዎቹ ቦታውን በገመድ ለክተው፥ አስቀድመው ቤቱን ላጣው ማደሪያውን ይሰጣሉ፤ ከዚያ በኋላ የቀረውን ያካፍላሉ፤ አዲሱንም የድንበር ድንጋይ ሁለቱ ባለጋሮች በአንድነት ተሸክመው እንዲተክሉት ያደርጋሉ። በጋራ የተሸከሙት ድንጋይ ሌሊት አይነቀልም።

ከሽማግሌው በፊት የሚደርሰው ግን ቅሬ ነው። ቅሬ በሌላው አገር ዕድር የሚባለው ማኅበር ሲሆን፥ በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ሰፈር በአንድ ቅሬ ይቀባበራሉ። የቅሬው ዳኛ ሲያስጠራ ያልወጣ ሰው መቀጫ ይከፍላል። ማኅበሩ የተቋቋመው ለሞተ ሰው ነው፤ ነገር ግን ለለቅሶ የተገዛው ድንኳን ቤት የፈረሰባቸውን ልጆች ያስጠልላል፤ ለተዝካርና ለሰደቃ የተቀመጠው ብረት ድስት የተራበውን ያበላል፤ መቃብር የሚቆፍረውም ጎልማሳ ከፍርስራሽ ሥር ያለውን ሰው ይቆፍራል። በማግስቱ አንዱ ምሰሶ፥ አንዱ ማገር፥ አንዱ ጭድ ይዞ ይመጣል፤ ሴቶቹም እንጀራውንና ቡናውን ይዘው ይደርሳሉ።

ጥፋት ከሰማይም ወርዶ ያውቃል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አይሮፕላኖች በደሴ ላይ ቦምብ ጥለው ቤቶችን ሲያቃጥሉ፥ ሆስፒታሏ እንኳ አልዳነችም። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ሁለቱም ከተሞች በጦርነቱ ተይዘው በቆዩበት ጊዜ የደሴ ሆስፒታልና የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ተዘረፉ። ከሁለቱም ጊዜ በኋላ ሕዝቡ ተመልሶ ሠርቷል። ይህ የሚያኮራ ነው፤ ዳሩ ግን ኩራት ብቻ ለሚመጣው ክረምት አይበቃም።

ስለዚህ የቤት አባትና እመቤት ክረምት ሳይገባ የሚከተለውን ቢያደርጉ ይጠቀማሉ። ከቤቱ በላይ ያለውን ቦይ መጥረግ፤ ቦታ ለማስፋት ሲባል የተረተሩን እግር አለመቁረጥ፤ በጭቃ ብቻ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ምድር ስትናወጥ ተንዶ ሰው ይገድላልና፥ በእንጨት ማሰር፤ የጋብቻውን፥ የቦታውንና የልጆቹን ወረቀት በቆርቆሮ ሣጥን አድርጎ በአንድ ስፍራ ማኖር፤ ልጆችንም በሌሊት ቢደነግጡ ወዴት እንደሚሰበሰቡ ማስተማር።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። በተረተሩ ጫፍ፥ ኪራዩ በሚረክስበት ቤት የሚኖረው ብዙ ጊዜ እንግዳው ነው፤ ከገጠር የመጣ የቀን ሠራተኛ፥ ልጆቿን ይዛ የተሰደደች መበለት። መጀመሪያ የሚናድበት እርሱ ነው፤ በየትኛውም ቅሬ ስሙ አልተጻፈምና የሚጠራለት የለም። ስሙ ባልተጻፈበት መዝገብ ማንም አይፈልገውም፤ ይህን እኔ ከሥራዬ ዐውቃለሁ። አንባቢ ሆይ፥ በሰፈርህ ከሰኔ በፊት ዙረህ እንዲህ ያለውን ሰው ፈልግ፤ ወደ ቅሬው ዳኛ ወስደህ አስመዝግበው፤ መዋጮው ቢከብደው እስኪቋቋም ድረስ ተካፈሉለት። ምድር የምትናወጥበትን ቀን ማንም አስቀድሞ ሊነግረን አይችልም፤ በዚያ ቀን የጎረቤታችንን ስም ጠርተን ለመውጣት ግን ዛሬውኑ መዘጋጀት እንችላለን።