ስሙ ያልተጻፈ መጽሐፍ

አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የጉደርን ወንዝ ባዩ ቁጥር አንድ ነገር ያነሡ ነበር። «ይህ ውኃ ወደ ዓባይ ወርዶ እንደማይመለስ ሁሉ፣ የእኛም ተአምረ ማርያም እንዲሁ ሄደ» ይላሉ። በጣሊያን ጊዜ፣ ካህናቱ ነፍሳቸውን ለማትረፍ ሲሸሹ፣ ከአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን የጠፋ ባለ ሥዕል የብራና መጽሐፍ ነው። ማን እንደ ወሰደው ያየ የለም። ከሽሽት ሲመለሱ ዕቃ ቤቱ ተከፍቶ፣ ባዶ ማኅደሩ ብቻ መሬት ላይ ወድቆ ተገኘ።

ጡረታ በወጣሁ ማግሥት ይህን መጽሐፍ እፈልገዋለሁ ብዬ ተነሣሁ። በጣሊያን ጊዜ የጠፋውን እንግሊዝ አገር መፈለግ መጀመሬ ያስቅ ይሆናል። ነገር ግን የተዘረፈ መጽሐፍ እንዴት እንደሚፈለግ የምማረው ከመቅደላ እንደ ሆነ ገባኝ፤ እዚያ የወሰደው ወገን የወሰደውን መዝግቧልና።

ዓፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ግምጃ ቤቱንና መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያንን ዘረፈ። ምርኮው በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ለጨረታ ቀረበ። ከጦሩ ጋር የተላከው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው፣ ሪቻርድ ሆልምስ፣ ከዋነኞቹ ገዢዎች አንዱ ነበር። 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ወደ ሙዚየሙ ገቡ። ዊልያም ራይት የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተመው ካታሎግ የቅጠላቸውን ብዛት፣ ቁመታቸውን፣ በየኅዳጉ የተጻፈውን የሰጪና የባለቤት ስም ሳይቀር ዘረዘረ።

እነዚያን የኅዳግ ጽሑፎች ሳነብ ያላሰብሁት ነገር ገጠመኝ። ከመጻሕፍቱ ብዙዎቹ የመቅደላ ብቻ አልነበሩም፤ ከመቅደላው መድኃኔዓለም በፊት የጎንደር አድባራት ሀብት ነበሩ። ጎንደርን እ.ኤ.አ. በ1866 የዘረፉት ራሳቸው ዓፄ ቴዎድሮስ ናቸው። የጎንደር ካህናትም በጊዜያቸው እንደ አያቴ ወንዝ ዳር ቆመው አዝነው ይሆናል። እንግሊዝን ልከስስ የከፈትሁት መዝገብ እኔንም አንገቴን አስደፋኝ። ያም ሆኖ ጎንደር ተዘረፈ ማለት ለንደን ባለቤት ናት ማለት አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ የዓፄ ዮሐንስ ጥያቄ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1872 ወደ እንግሊዝ ሲጽፉ «ንብረታችንን መልሱ» ብለው በጅምላ አልጠየቁም፤ ሁለት ነገሮችን በስም ጠሩ። አንዱ ክብረ ነገሥት፣ ሁለተኛው ኵርዓተ ርእሱ የተባለው የጌታ ሥዕል ነበር። ክብረ ነገሥቱ ተመለሰ። ሥዕሉን ግን ሆልምስ በግሉ ይዞት ስለ ነበር የሚያውቀው ጠፋ ተባለ። ሆልምስ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1917 ለንደን ላይ ተሸጠ፤ ኋላም ወደ ፖርቱጋል ተሻገረ። በስም የተጠየቀ ነገር፣ ባይመለስ እንኳ፣ ዱካው አይጠፋም።

ወደ ራሴ ጉዳይ ተመለስሁ። እ.ኤ.አ. በ1947 የተፈረመው የሰላም ውል 37ኛ አንቀጽ ጣሊያን ከመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወዲህ ከኢትዮጵያ የወሰደቻቸውን የጥበብ ሥራዎችና ንዋያተ ቅድሳት በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያዛል። ቁመቱ 24 ሜትር የሆነ፣ ሮም አደባባይ ላይ ተገትሮ ዓለም የሚያየው የአክሱም ሐውልት እንኳ እስኪመለስ እ.ኤ.አ. 2005 ደረሰ። የእኛ ተአምረ ማርያም ደግሞ ከወታደር ስልቻ የሚገባ ነው።

አንድ ምሽት ለሙዚየሞች የምልከውን ደብዳቤ ለመጻፍ ተቀመጥሁ። ቁመቱ ስንት ነው? ሥዕሉ ስንት ነው? ማን አጻፈው? ለማን ሰጠው? አንዱንም አላውቅም። የሚያውቁት ሁሉ ሞተዋል። ውሉ አለ፣ ጠያቂ አለ፣ ተጠያቂ አለ፤ የሚጠየቀው መጽሐፍ መልክ ግን የለም። ወረቀቱን አጥፌ አስቀመጥሁት።

በማግሥቱ ደብተር ገዝቼ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁና፣ «የኔታ፣ የቀሩትን መጻሕፍት እንመዝግባቸው» አልሁ። የኔታ ደብተሩን እንጂ እኔን አላዩም።

«ልጄ፣ ዝርዝር ለባለቤት ብቻ አይደለም፤ ለሌባም መንገድ ይመራል» አሉ።

መልስ አልነበረኝም። ጨረታ ላይ የተቀመጠ ሰው ምን ያህል በዝርዝር እንደሚጠቀም ያነበብሁት እኔ ነኝ። ለሁለት ሳምንት አልተመለስሁም። በሦስተኛው ራሳቸው አስጠሩኝ። ከዕቃ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው አንድ ድርሳነ ሚካኤል በጉልበታቸው ይዘው ነበር። በስንዝር ለኩት፣ ቅጠሉን ቆጠሩ፣ ከመጨረሻው ገጽ የሰጪውን ስምና ሰራቂውን የሚያወግዘውን ቃል በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡልኝ። እኔ ጻፍሁ። እስከ ምሽት ዘጠኝ መጻሕፍት መዘገብን።

ደብተሩን ከዕቃ ቤት ሊያኖሩት ሲነሡ፣ ዕቃ ቤቱ ቢዘረፍ ደብተሩም አብሮ እንደሚሄድ፣ ስለዚህ ሁለተኛ ቅጂ እንደሚያስፈልግ ነገርኋቸው። ብዙ ዝም አሉ።

«ሁለተኛውን አንተ ዘንድ አኑር። ስትሞት ለማን እንደምትሰጠው ግን አሁኑኑ ንገረኝ።»

እስካሁን አልነገርኋቸውም።