የትራስ ልብስም ባለቤት አለው

መንጌ ያለችው ታላቅ እህቴ በትራስና በጠረጴዛ ልብስ ላይ የቀርከሃ ቅጠል በጨርቅ ቀለም ትሥላለች። ቀለሙ ሲደርቅ፣ በእጥበት እንዳይለቅ፣ በጀርባው በኩል በካውያ ትተኩሰዋለች። አምና አንድ ነጋዴ ሥዕሏን አስገልብጦ አሶሳ ላይ ቸበቸበው። «ምን ላድርግ ብለህ ነው? ቀርከሃ እንደሆነ የሁሉም ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ ቀርከሃው የሁሉም ነው። አሣሣሉ ግን የእሷ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የራስ ፈጠራ የሆነን ሥዕል ሳይመዘገብም ይጠብቃል፤ ሠዓሊው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት። ጭንቁ ማስረጃው ላይ ነው። ስለዚህ ንድፎቿን ከነቀናቸውና ከነፊርማዋ በወረቀት እንድታስቀምጥ፣ በጨርቁም ጠርዝ ላይ ስሟን እንድትጽፍ መከርኳት።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ጽሑፋችን ያለ ስማችን ሲወጣ እንቆጣለን። ታዲያ የትራስ ልብስ ሲሆን ለምን ይቀለናል?