ሁለት ሲሄዱ፣ ሦስት ሲቀሩ

ሮቤ ያደገ የእኔ ዘመን ልጅ ፕሌይ ስቴሽን ቤትን ያውቃል። የቆርቆሮ ክፍል፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ ላስቲኩ ተልጦ ያለቀ ጆይስቲክ። በታኅሣሥ፣ ስንዴው በኮምባይነር በሚታጨድበት ሰሞን ብርዱ ጣት ስለሚያደነዝዝ፣ ተራችን እስኪደርስ እጃችንን ብብታችን ውስጥ ሸጉጠን እንቆም ነበር። የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። ሁለት ለሁለት ስንገጥም ግን ጎል በገባብን ቁጥር "በአንተ ነው!" መባባል ነው። ከአንድ አብሮ አደጌ ጋር በዚሁ ተኮራርፈን ሁለት ክረምት ሙሉ ሰላምታ ሳንለዋወጥ ቀረን።

ይህን ያስታወሰኝ የኦጂ ታሪክ ነው። ኦጂ የዶታ 2 ቡድን ነው፤ ዶታ ደግሞ አምስት ለአምስት በኮምፒውተር የሚገጥሙበት ጨዋታ። ቡድኑን እ.ኤ.አ. በ2015 የመሠረቱት ዴንማርካዊው ጆሃን ሰንድስታይን (ኖቴይል) እና እስራኤላዊው ታል አይዚክ (ፍላይ) ናቸው፤ ለዓመታት አብረው የተጫወቱ ጓደኛሞች። እስከ 2017 ድረስ አራት ታላላቅ ውድድሮች አሸነፉ።

በ2018 የዓለም ሻምፒዮናው ሦስት ወር እንኳ ሳይቀረው ፍላይና ሌላው ተጫዋች ኤስፎር ጥለው ወደ ሌላ ቡድን ሄዱ። የቀሩት ኖቴይል፣ ተጫዋቹ ጄራክስና አሰልጣኙ ሴብ ነበሩ። ሴብ ራሱ ተጫዋች ሆኖ ገባ፣ ዕረፍት ላይ የነበረው አውስትራሊያዊው አና ተመለሰ፣ አምስተኛ ደግሞ ቶፕሰን የሚባል የ20 ዓመት ፊንላንዳዊ ተጨመረ፤ እንዲህ ያለ መድረክ ረግጦ የማያውቅ ልጅ። ቡድኑ ማንም ከሚመዘገብበት ክፍት ማጣሪያ ጀመረ።

ቫንኩቨር ላይ የሄዱት ልጆች ያሉበትን ቡድን 2 ለ 1 አሸነፉ። ለፍጻሜ ከቻይናው ፒኤስጂ ኤልጂዲ ጋር ገጠሙ። 2 ለ 1 እየተመሩ፣ አራተኛውም ጨዋታ ከእጃቸው ሊወጣ ሲል፣ ሴብ ጨዋታው ውስጥ ተወርውሮ ተጋጣሚዎቹ መሐል ገባ፤ የተንታኙ "ሴ...ብ!" የሚለው ጩኸት እስከ ዛሬ ይነሣል። 3 ለ 2 አሸንፈው 11.2 ሚሊዮን ዶላር ወሰዱ። በዓመቱም ያው አምስት ልጆች ሻንጋይ ላይ ደገሙት። ዋንጫውን ሁለት ጊዜ በማንሳት የመጀመሪያዎቹ ሆኑ።

ብዙ ሰው ብሩን ያወራል። እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። ሚያ ስቴልበርግ የተባለች የስፖርት ሥነ ልቦና ባለሙያ ከእነሱ ጋር ትሠራ ነበር፤ ስለ እርስ በርስ መግባባታቸውም ያስቡ ነበር ማለት ነው። በጣት ፍጥነት የሚበልጧቸው ቡድኖች እያሉ እነዚህ ልጆች ያሸነፉት፣ በእኔ እምነት፣ አንዱ ሲሳሳት ሌላው ጣቱን ስላልቀሰረ ነው። ሮቤ ውስጥ ጎበዝ ተጫዋች ጠፍቶ አያውቅም። የጠፋው ቡድን ነው። ሁላችንም ለየብቻችን ጎበዝ ነበርን።

ጎባና ሮቤ ጌም ቤት ያላችሁ ወንድሞች፣ ለሚመጣው በዓል ውድድር ስታዘጋጁ አንድ ለአንድ መሆኑ ይቅር። ሁለት ለሁለት አድርጉት፣ ሮቤ ከጎባ ይግጠም። በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።