የኩላሊት ጠጠርና የበረሃ ጾም

ከአቡ ዳቢ እስከ አል ዐይን 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ መንገድ የጭነት መኪና የሚነዳ አንድ ኢትዮጵያዊ ሾፌር፥ በየመንገዱ ለሽንት ላለመቆም ብሎ ውኃ ይቀንስ ነበረ። በነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፥ ሰውነት ውኃውን በላብ ያወጣዋል፤ ሽንትም ይወፍራል፤ በውስጡ ያሉት ካልሲየምና ኦክሳሌት ተጋግረው ጠጠር ይሆናሉ። ከጎኑ እስከ ብሽሽቱ ሲወጋው ያደረ ሕመም ከዚህ የመጣ ነበረ። ጠጠሩ ከሽንቱ ጋር በወጣ ጊዜ ፈጽሞ የዳነ መሰለው። ነገር ግን ጠጠር አንድ ጊዜ ከያዛቸው ሰዎች እኩሌታ ያህሉ በ10 ዓመት ውስጥ ዳግመኛ ይታመማሉ፤ እርሱንም በሦስተኛው ዓመት ተመለሰበት።

ሐኪሙ ያዘዘው፥ በቀን 2 ሊትር ተኩል ያህል ሽንት እስኪወጣው ውኃ እንዲጠጣ፥ ጨው እንዲቀንስ፥ ሎሚም በውኃ እየጨመቀ እንዲጠጣ ነው። ወተት ጠጠር ያመጣል ብሎ መተው ስሕተት ነው፤ በምግብ የሚገኘው ካልሲየም ኦክሳሌትን በአንጀት ይዞ ያስቀረዋልና። ኦክሳሌት የሚበዛባቸው ለውዝና ቆስጣ ናቸው፤ እነዚህም የጾም ቀን ስንቁ ነበሩ።

ከሁሉ የከበደው ጾመ ፍልሰታ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውኃ በዚያ ሙቀት መሪ መያዝ ለእንዲህ ያለ ሰው አደጋ ነው። ፍትሐ ነገሥት በሽተኛን ከጾም ግዴታ እንደሚያሳርፍ ያውቅ ነበረ፤ ቢሆንም አፈረ። በመጨረሻ ለንስሐ አባቱ ስልክ ደወለ። «ልጄ፥ ውኃህን ጠጣ፤ ከጥሉላት መከልከልህ ይበቃሃል» አሉት።

አሁን ሦስት ጠርሙስ ውኃ ከወንበሩ አጠገብ ያኖራል፤ በመንገዱም ሁለት ጊዜ ይቆማል።