የሙሴ ስምና የሙሴ ጆሮ

ዐይን የሌላውን ፊት ያያል እንጂ የራሱን ፊት አያይም። አለቃም እንዲሁ ነው፤ የሚመራቸውን ሰዎች ጉድለት ከሩቅ እያየ በቅርብ ያለውን የራሱን ጉድለት ሳያይ ይቀራል። ይህን የምንጽፈው በራሳችን ደርሶ ስላየነው ነው።

በእስቴ፥ በመካነ ኢየሱስ ከተማ፥ ወር በገባ በ21 ቀን የእመቤታችንን ጽዋ የምንጠጣበት ማኅበር አለን። ማኅበርተኞቹ ሙሴ አድርገው በመረጡን ጊዜ ሥርዐት ለማጽናት ቈርጠን ተነሣን፤ የዘገየውን ቀጣን፥ ድግሱ የጐደለበትንም ገሠጽን። አንድ ቀን ተራዋ የደረሰ አንዲት ባልቴት ያቀረበችው ጠላ ቀጥኖ ብናገኘው በማኅበርተኛው ሁሉ ፊት ተናገርናት። እርስዋም አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ቀረች፤ እኛም መቀጫዋን ጻፍንባት።

አንድ ሽማግሌ ማኅበርተኛ ግን ወደ ቤት ስንመለስ፥ «ሙሴያችን፥ አይቀየሙኝ፤ ሴትዮዋን ያስቀራት የእርስዎ አንደበት ነው። ዘንድሮ እህሏን በረዶ መትቶባታል» አሉን። ነገሩ መረረን፤ ሌሊቱን ሁሉ መልስ ስናሰናዳ አደርን። በማግሥቱ ያግዙናል ብለን ለንስሐ አባታችን ብንነግራቸው፥ «ከመገሠጽህ በፊት ምን ሆንሽ ብለህ ጠይቀሃታልን?» አሉን። መልስ አጣን።

የማኅበር አለቃ ሙሴ የተባለው በነቢዩ ስም ነው። ነቢዩ ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ብቻውን ሕዝቡን ሲዳኝ አማቱ ዮቶር አይቶ፥ አሠራሩ እርሱንም ሕዝቡንም የሚያደክም መሆኑን እንደ ነገረው በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 18 ተጽፏል። ባሕር ያሻገረው ታላቅ ነቢይ የአማቱን ምክር ሰምቶ ሥራውን አስተካከለ። እኛ ግን ስሙን ወሰድን እንጂ ጆሮውን አልወሰድንም ነበር። ከአገራችን ብዙ በማይርቀው በደብረ ታቦር ከትመው የነበሩት ዐፄ ቴዎድሮስም፥ እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ካረፉ ወዲህ ቍጣቸውን የሚያበርድ ሰው እንዳጡ ይነገራል።

ወደ ባልቴቲቱ ቤት ሄደን ይቅርታ ጠየቅን፤ መቀጫዋንም ሰረዝን። በሚቀጥለው ማኅበር «ጥፋታችንን ንገሩን» ብንል ግን ሁሉም ይሉኝታ ይዟቸው «ምንም ጥፋት የለብዎትም» አሉ። ስለዚህ ቅር ያለው ሰው ለእኚያው ሽማግሌ እንዲነግራቸው፥ እርሳቸውም የተናጋሪውን ስም ሳያወጡ እንዲያስታውቁን ለመንናቸው። የመጀመሪያው ወቀሳ፥ «ድኻ ሲዘገይ ይቀጣሉ፤ ባለጸጋ ሲዘገይ ያልፋሉ» የሚል ነበር። መዝገቡን ገልጠን ብንመረምር እውነት ሆኖ አገኘነው።

ውድ አንባቢ ሆይ፥ የቤት አባትና የቤት እናትም አለቆች ናቸው። ማታ ከጸሎት በፊት «ዛሬ ሳልጠይቅ የፈረድሁበት ማን ነው?» ብሎ ራስን መመርመር፥ ልጅም ሆነ ሠራተኛ እውነቱን ሲናገር ሳይቈጡ መስማት ይገባል።

ባልቴቲቱ ባለፈው ወር ተመልሳ መጣች፤ ነገር ግን ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። ከመካከላችን እስክትቀመጥ ድረስ የእኛ ሥራ አላለቀም።